«ሚዛኑ ቆመ፤ ቀዶ ጥገናው ከሸፈብኝ ወይ?»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሜሪላንድ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች።

«ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው። ባለትዳር ነኝ፤ ልጅ የለኝም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከዘጠኝ ወር በፊት ስሊቭ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ጥገና አደረግሁ። ያኔ 260 ፓውንድ ነበርኩ፤ አሁን 190 ነኝ። ስኳሬ ወርዷል፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል። ግን ስድስት ሳምንት ሆነው፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። በቀን ሦስቴ እመዘናለሁ። በፊት ሁለት ማንኪያ ያጠግበኝ ነበር፤ አሁን የትንሽ ሰሃን ግማሽ እበላለሁ። ጨጓራዬ ተለጥጦ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ፀጉሬ ይረግፋል። ቫይታሚኑ ሆዴን ስለሚረብሸኝ ትቼዋለሁ። ቀዶ ጥገና ማድረጌን ከባለቤቴ በቀር ማንም አያውቅም፤ እህቶቼም ጭምር። ድግስ ስጠራ ‹ጾም ነኝ› ወይም ‹በልቼ ነው የመጣሁት› እላለሁ። ቀን እምብዛም አልበላም፤ ሌሊት ሥራ ላይ ግን ቆሎና ለውዝ ስቆረጥም አነጋለሁ። የስድስተኛ ወር ቀጠሮዬ አመለጠኝ፤ አሁን ደግሞ ክብደቴ ስለቆመ ሐኪሙ ፊት መቅረብ አፈርኩ። የነቢያት ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹምና የመጀመሪያውን አምስት ቀን ፈሳሽ ብቻ ልውሰድ ብያለሁ፤ ጨጓራን መልሶ ያሳንሳል ሲሉ ሰማሁ። በጥር ለታናሽ እህቴ ሰርግ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት 20 ፓውንድ መቀነስ አለብኝ። ባለቤቴ ደግሞ ልጅ እንውለድ እያለኝ ነው። ቀዶ ጥገናው ከሸፈብኝ ወይ? ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ከትልቁ ጥያቄሽ ልጀምር። ቀዶ ጥገናው አልከሸፈም።

ቁጥሩን አብረን እንየው። ከ260 ወደ 190 ፓውንድ ወርደሻል። 70 ፓውንድ ነው፤ በኪሎ 32 ገደማ። ከመነሻ ክብደትሽ 27 በመቶ ያህሉ ሄዷል ማለት ነው። ስሊቭ ያደረጉ ሰዎች በአማካይ የመነሻ ክብደታቸውን ሩብ ያህል ይቀንሳሉ። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ብዙዎቹ አንድ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ይፈጅባቸዋል። አንቺ በዘጠኝ ወርሽ አልፈሽዋል። ስኳርሽ ወርዷል። ጉልበትሽ ተሽሎታል። ይህን ሁሉ ያገኘ ሰው በስድስት ሳምንት ምክንያት እንቅልፍ ሲያጣ ሳይ አዝናለሁ።

የሚዛኑ መቆምም የሚጠበቅ ነገር ነው። ክብደት በፍጥነት የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ይዘገያል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይቀጥላል። 190 ፓውንድ የሚመዝን ሰውነት 260 ከሚመዝነው ያነሰ ጉልበት ያቃጥላል። ስትራመጂ፣ ደረጃ ስትወጪ፣ ታማሚ ስታገላብጪ የምትሸከሚው 70 ፓውንድ የለም። በዚያ ላይ ሰውነት ክብደት ሲያጣ ቁጠባ ይጀምራል። ስለዚህ በአራተኛው ወር ያከሳሽ አመጋገብ በዘጠነኛው ወር ባለሽበት ሊያቆምሽ ይችላል። ያጠፋሽው ነገር ስላለ ብቻ የሚመጣ አይደለም።

ጨጓራሽስ? በስሊቭ ከጨጓራ 75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ ነው። ግሬሊን የተባለውን ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨው የተቆረጠው ክፍል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ የጠፋብሽም በዚህ ምክንያት ነው። በሁለት ማንኪያ ትጠግቢ የነበረው ደግሞ ቁስሉ ትኩስ ስለነበረና ስላበጠ ነው። እብጠቱ ሄዷል። ቱቦውም ከጊዜ ጋር ትንሽ ይላላል። አሁን የትንሽ ሰሃን ግማሽ መብላትሽ ልክ ነው። እስካሁን በሁለት ማንኪያ የምትጠግቢ ቢሆን ኖሮ ነው እኔ የምሰጋው።

የአምስት ቀኑን ፈሳሽ ተዪው። ጨጓራን መልሶ የሚያሳንስ ፈሳሽ የለም። ሚዛኑ ሊወርድልሽ ይችላል፤ የሚወርደው ግን ባብዛኛው ውኃ ነው። ምግብ በጀመርሽ በሁለት ሦስት ቀን ተመልሶ ይመጣል። ያኔ ደግሞ «ይኸውና፣ እኔ ላይ ምንም አይሠራም» ብለሽ ተስፋ ትቆርጫለሽ። ያንን ነው የምፈራልሽ።

እንዲያውም ከደብዳቤሽ ውስጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ቀዶ ጥገናውን መደበቅሽ።

ምን እያደረገሽ እንደሆነ ተመልከቺ። ድግስ ላይ አንቺ የምትበዪውን ያህል ብቻ ብትበዪ ሰው ይጠይቅሻል። ስለዚህ «በልቼ ነው የመጣሁት» ብለሽ ምንም ሳትቀምሺ ትወጫለሽ። ቤትም ደክሞሽ ትተኛለሽ። ከዚያ ባዶ ሆድሽን ወደ ፈረቃ ትገቢያለሽ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ታማሚዎቹ ተኝተዋል፤ ኮሪደሩ ጭር ብሏል፤ ቆሎው ኪስሽ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ያታለልሽው ሆድ በዚያ ሰዓት ድርሻውን ይጠይቃል። ይህ የፈቃድ ማነስ አይደለም። የተራበ ሰው ያደርገዋል።

ችግሩ ስሊቭ በዚህ ጊዜ አለመርዳቱ ነው። ቀዶ ጥገናው የሚይዝሽ ባንድ መቀመጫ ብዙ እንዳትበዪ ነው። ለስምንት ሰዓት ትንሽ ትንሽ የሚቆረጥምን ሰው ግን አይዝም። ገና የበላሽው ሳይወርድ ሌላ አትጨምሪም፤ ሲወርድ ትጨምሪያለሽ፤ ጥጋብ የሚባለው ነገር አይመጣም። አንድ እፍኝ ለውዝ ወደ 170 ካሎሪ አለው። በፈረቃሽ አራት ጊዜ ብትዘግኚ 680 ገደማ ይሆናል። ከአንድ ሙሉ ምግብ በላይ ነው፤ አንቺ ግን «ዛሬ ምንም አልበላሁም» ብለሽ ነው የምትተኚው። ዳቦ ቆሎ፣ ፋንዲሻ፣ ቺፕስና ብስኩትም ያው ናቸው። ደቅቀው ቶሎ ስለሚወርዱ ቦታ አይዙም። ጁስ፣ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ደግሞ ከነጭራሹ ሳይቆጠሩ ያልፋሉ።

ቆሎ አትብዪ አላልኩም። ምግብ ከበላሽ በኋላ፣ በትንሽ ሳህን ቆጥበሽ፣ ተቀምጠሽ ብዪው። ከኪስ መቆርጠሙ ግን ይቅር።

በቦታው የምንተካው የታወቀ የምግብ ሰዓት ነው። የአንቺ ጧት የሌላው ሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ በሰው ሰዓት አትመሪ። ከእንቅልፍሽ ስትነሺ አንድ፤ ወደ ሥራ ከመውጣትሽ በፊት አንድ፤ በፈረቃው እኩሌታ ከቤት ቋጥረሽ የወሰድሽው አንድ። በሦስቱም ላይ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ይኑር። የቀኑ ድምር ከ60 እስከ 80 ግራም እንዲሆን ነው የሚመከረው፤ ያንቺን ልክ የሥነ ምግብ ባለሙያሽ ትንገርሽ። ለማስላት ያህል፦ አንድ እንቁላል 6 ግራም አለው። መቶ ግራም የበሰለ የዶሮ ፍርምባ 30 ገደማ። ወፍራሙ የግሪክ እርጎ በትንሿ ዕቃው 15 አካባቢ። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9። ምግቡን ቢያንስ 20 ደቂቃ ወስደሽ ቀስ ብለሽ ብዪ። ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ከጨረስሽ በኋላም ግማሽ ሰዓት ቆዪ። በቀረው ሰዓት ግን ጠርሙስሽ ከእጅሽ አይጥፋ። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር፣ ፉት ፉት እያልሽ።

በሌሊቱ መሐል ረሃብ መሳይ ነገር ሲመጣ ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ። «አሁን የተቀቀለ እንቁላል ቢሰጠኝ እበላለሁ?» አዎ ካልሽ ርቦሻል፤ ብዪ። «እንቁላልስ አልፈልግም፣ ቆሎ ነው ያማረኝ» ካልሽ ድካም ነው፤ ወይም መሰልቸት፤ ወይም እንቅልፍ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ረሃብ ይበረታበታል። ስለዚህ ቀን ላይ ሰባት ሰዓት ያህል መተኛትሽ የሕክምናሽ አካል ነው። መጋረጃውን ዝጊ፤ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪ፤ «ቀን ነው እኮ፣ ተነሺ» የሚሉሽን አትስሚ።

ስለ እንጀራ አልጠየቅሽኝም፤ ግን ሳላነሳው አላልፍም። እንጀራን ከሕይወትሽ አውጪ የሚል ምክር ከሰማሽ አትቀበዪው። ስንት ወር ትኖሪበታለሽ? የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ ስንበላ እያንዳንዱ ጉርሻ ግማሹ እንጀራ ነው። ጠባቧ ጨጓራሽ በእንጀራ ትሞላለች፤ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ ምስሩ ቦታ ያጣል። አንቺ ከወጡ ጀምሪ። ዶሮ ወጥ ከሆነ እንቁላሉንና ሥጋውን በሹካ ቅድሚያ ብዪ። ጎመኑን አስከትዪ። እንጀራውን መጨረሻ ላይ፣ የመዳፍሽን ያህል። ወጡን ራስሽ ስትሠሪ ዘይቱን በማንኪያ ለኪ፤ ከጠርሙሱ አታንቆርቁሪ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ቅቤም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የጾም ወጥ ቀላል ነው እያልን የምንበላው ዘይት ብዙ ነው።

አሁን ወደ መደበቁ ልመለስ፤ ዋናው እሱ ነውና።

ለምን እንደደበቅሽ ይገባኛል። «ሆዷን መግዛት አቅቷት ተቀደደች» የሚል ወሬ በእኛ ሰፈር ምን ያህል እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ወሬው ስሕተት ነው። ሰውነት ያጣውን ክብደት ለማስመለስ ረሃብን ይጨምራል፤ ወጪን ይቀንሳል። ለዓመታት ስትቀንሺና መልሰሽ ስትጨምሪ የኖርሽው ከዚህ ጋር እየታገልሽ ነው። ሕክምና ፈልገሽ ሄድሽ። ደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒት ስለወሰደ «አቋራጭ ሄደ» የሚለው የለም። አንቺም አቋራጭ አልሄድሽም።

ግን ለሁሉም ንገሪ አልልሽም። ሰውነትሽ የአንቺ ነው። የምለምንሽ ለሁለት ሰው ብቻ እንድትነግሪ ነው። አንዷ ታላቅ እህትሽ ትሁን፤ ወይም ከእህቶችሽ ምስጢር የምትይዘዋ። ሌላዋ አብራችሁ የምትሠሩ፣ በሌሊት ፈረቃ «ምሳሽን በላሽ?» የምትልሽ ሰው። ለቀረው ሕዝብ ውሸት የሌለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ጨጓራዬን ታክሜያለሁ፤ ትንሽ ትንሽ ነው የምበላው።» በቃ። ሐበሻ ቤት ውስጥ ጨጓራ የማያውቅ ሰው የለም። ከመካከላቸው ግማሾቹ ወዲያው የራሳቸውን ጨጓራ ያወሩልሻል፤ የቀሩት ተልባና አብሽ ያዙልሻል። ማንም ቀጥሎ አይጠይቅሽም። «ጾም ነኝ» ስትዪ ግን ባዶ ሆድሽን መዋል አለብሽ፤ ያ ነው ያደከመሽ።

ድግስ ላይ ከትሪ አብረሽ ስትበዪ ምን ያህል እንደበላሽ አይታወቅም። ፍጥነቱም የሰዉ ፍጥነት ይሆናል። ለብቻ ሰሃን መጠየቅ ኩራት እንደሚመስል አውቃለሁ። «ጨጓራዬን ታክሜያለሁ» ካልሽ በኋላ ግን ሰሃኑን ራሳቸው ያመጡልሻል። ጉርሻ ሲመጣ «አፈር ስሆን፣ በሞቴ» የሚሉሽ በፍቅር ነው። በደንብ ያልታኘከ ትልቅ ጉርሻ ግን ያንቺን ጠባብ ቱቦ ይዘጋል፤ ያስመልስሻል። በእጅሽ ተቀብለሽ ሰሃንሽ ላይ አኑሪው፤ ከፍለሽ ብዪው። ከዚህ የተሻለው ዘዴ ደግሞ አንቺ አጉራሽ መሆን ነው። የምታስተናግድ፣ ወጥ የምትጨምር፣ ታላላቆችን የምታጎርስ ሴት ምን እንደበላች ማንም አይቆጥርም። ትመሰገናለች እንጂ።

ጾሙ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ጾምን ለሚዛን አታድርጊው። ለጾሙም ለሰውነትሽም ጥሩ አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ መዋል ላንቺ ከሌላው ሰው ይለያል። ሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ባንዴ ይጠጣል። አንቺ አትችዪም። ሁለቱን ሊትር በቀረው ጊዜ፣ ከምግብም ለይተሽ፣ የት ታስገቢዋለሽ? ስኳርሽ ወርዷል ብለሻል፤ የስኳር መድኃኒት አሁንም እየወሰድሽ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሆድ ሲጨመርበት ስኳርሽ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም ጠይቂ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን እንደምታቀልል ታውቂያለሽ። ንስሐ አባትሽ ምስጢር ጠባቂ ናቸውና ቀዶ ጥገናውን ንገሪያቸው። ምናልባት «ሰዓቱን ተዪው፣ የጾም ምግቡን ብቻ ያዢ» ይሉሻል። ምናልባትም ከዚያ በላይ ያቀልሉልሽ ይሆናል።

የጾም ምግብ ብቻ የምትበዪ ከሆነ ፕሮቲኑ ሐሳብ ይፈልጋል። ግማሽ ኩባያ ምስር ሦስት ጊዜ ብትበዪ 27 ግራም ነው፤ ከሚፈለገው ግማሹም አይሞላም። አንድ ኩባያ ያልጣፈጠ የአኩሪ አተር ወተት 7 ግራም ገደማ ይጨምራል። ቶፉን እንደ ጥብስ በቃሪያና በሽንኩርት ሥሪው፤ ይጣፍጣል። ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር የተሠራ የፕሮቲን ዱቄት አንድ ማንኪያው 20 ግራም አካባቢ አለው፤ በጾም ወቅት እሱን ብትይዢ ይሻልሻል። ሽሮ ጥሩ ነው፤ ወፈር ብሎ፣ ዘይቱ ቀነስ ብሎ። ይህን የምለው ረመዳንን ለሚጾሙ፣ ስሊቭ ወይም ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን ሌላውን ቀዶ ጥገና) ላደረጉ አንባቢዎቼም ጭምር ነው፦ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አነጋግሩ፤ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ በተለይ።

ፀጉርሽ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፤ ሰውነት ባንዴ ብዙ ክብደት ሲያጣ ይመጣል፤ መልሶም ይበቅላል። የአንቺ ግን ዘጠነኛው ወር ነው፤ ቫይታሚንም ትተሻል፤ ፕሮቲንሽም አንሷል። ብረት አንሶሽ ይሆናል። በደም ምርመራ ይታወቃል። ቫይታሚኑ ሆድሽን ከረበሸሽ ዓይነቱን ይቀይሩልሻል፤ የሚታኘክ አለ፤ ከምግብ በኋላ የሚወሰድ አለ። መተው ግን አይቻልም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ብረቱንና ካልሲየሙን አብረሽ አትዋጪ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂያቸው። ካልሲየሙ ሲትሬት የሚለው ይሁን፤ ጨጓራ አሲዱ ሲያንስም ይሰርጻል። ደግሞ ቡና! ቡናና ሻይ ብረት እንዳይሰርጽ ያደርጋሉ። ክኒኑን ከቡናው አርቂው።

እግርሽን ወይም እጅሽን ቢደነዝዝሽ፣ ዓይንሽ ቢደበዝዝ፣ ስትራመጂ ብትንገዳገጂ፣ ወይም ማስመለስ ለቀናት ባይቆምልሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ቢ1 የሚባለው ቫይታሚን ሲያልቅ እንዲህ ያደርጋል፤ ከዘገየ ነርቭ ይጎዳል። ከቀኝ ጎድንሽ ሥር ኃይለኛ ሕመም ቢይዝሽም እንዲሁ፤ ፈጥኖ የከሳ ሰው የሐሞት ጠጠር ይይዘዋል። ለራስ ምታት አድቪል ሳትጠይቂ አትዋጪ፤ ጨጓራን ያቆስላል።

የሚዛኑን ነገር ደግሞ ባለቤትሽ ይያዘው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከእንቅልፍሽ እንደተነሳሽ፣ ምግብ ሳትቀምሺ ተመዘኚ። በቀን ሦስቴ የምታዪው የጨው፣ የውኃና የወር አበባ መውጣትና መውረድ ነው። ወገብሽን በሜትር ለኪ። ታማሚ ማንሳት ብቻውን እንቅስቃሴ አይተካም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ለብርድ ጊዜ ሞል ውስጥም ይሆናል፤ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳትም፣ ውኃ የሞላ ጠርሙስ ማንሳትም ይሆናል። ጡንቻ ሲቀንስ የሚቃጠለውም ይቀንሳል፤ ሚዛኑ ከቆመ በኋላ የሚያንቀሳቅሰው አንዱ እሱ ነው።

ሰኞ ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ። ሐኪሙ ፊት ማፈርሽ ልቤን ነካው። ክሊኒኩ ግን የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ወር ነው። ስዊድን ውስጥ በ1987 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የተጀመረ ትልቅ ጥናት አለ፤ የውፍረት ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎችን ለብዙ ዓመት ተከታትሏል። አብዛኞቹ ዝቅ ያለው ክብደታቸው ላይ የደረሱት በመጀመሪያው አንድ ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ ጥቂት ተመልሶባቸዋል። ባይፓስ ያደረጉት ግን ከ10 ዓመት በኋላም በአማካይ ከመነሻቸው 25 በመቶ ዝቅ ብለው ነበር። ትንሽ መመለስ የሰው ሁሉ ነገር ነው። የሚጎዳው ሲጀምር ያለማየት ነው። ስልክ ላይ ይህን በያቸው፦ «የስድስተኛ ወር ቀጠሮዬ አመልጦኛል። ክብደቴ ቆሟል፤ ቫይታሚን አቁሜያለሁ፤ ፀጉሬ ይረግፋል። ደም መስጠትና የሥነ ምግብ ባለሙያዋን ማየት እፈልጋለሁ።» የስኳር መድኃኒት አሁንም የምትወስጂ ከሆነ መጠኑን ያስተካክሉልሽ። ጓደኞችሽ ዌጎቪ፣ ዜፕባውንድ የሚባሉትን ክብደት መቀነሻ መርፌዎች ያነሱልሽ ይሆናል። ከቀዶ ጥገና በኋላም ለአንዳንድ ሰው ይታዘዛሉ። ያንቺ ሐኪም ይወስን፤ ከሰው እጅ ግን አትግዢ።

ለሰርጉ 20 ፓውንድ የሚለውን ከራስሽ ላይ አውርጂው። የሐበሻ ቀሚስሽን አሁን ባለሽበት ልክ አሰፊው። ክኒንሽንና የፕሮቲን ዱቄትሽን በእጅ ሻንጣ ያዢ፤ ሌላው ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ጠጁም አረቄውም ከበፊቱ ፈጥኖ ነው ደምሽ ውስጥ የሚገባው፤ ሰርግ ቤት አንድ ብርሌ እንኳ ሊያዞርሽ ይችላልና ባትነኪው እመርጣለሁ። ቦሌ ላይ «ውይ! ከሳሽ! አሞሽ ነው?» የሚል አይጠፋም። በእኛ ዘንድ መክሳት የችግር ምልክት ሆኖ ኖሯልና ከልባቸው ደንግጠው ነው። ታላቅ እህትሽ ካወቀች ግን መልሱን እሷ ትመልስልሻለች። ከመሄድሽ በፊት በስልክ ንገሪያት።

ስለ ልጁ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር መቆየት ይመከራል። ክብደትሽ እስኪረጋ፣ ብረትሽና ቫይታሚንሽ እስኪሞላ ነው። ይህን አንድ ነገር ግን እወቂ፦ ክብደት ሲወርድ የመፀነስ ዕድል ይጨምራል። ለዓመታት ያልመጣ እርግዝና አሁን ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እስከዚያ መከላከያ ተጠቀሙ፤ የትኛው እንደሚሻል ማህፀን ሐኪምሽ ትነግርሻለች። ባለቤትሽ ምስጢርሽን ብቻውን ይዞ ዘጠኝ ወር ቆይቷል፤ እሱም የሚጠይቀው ይኖረዋል። የሰኞውን ስልክ ስትደውዪ ቀጠሮውን እሱ ሥራ በማይገባበት ቀን አድርጊውና አብራችሁ ሂዱ።